ፎቶውን ማን ያሳንሰው? ስልኩ፣ ሰርቨሩ ወይስ የውጭ አገልግሎት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ደላላ አሉ። የኪራይ ቤት የሚለጠፍበት ዌብሳይት ስሠራ የመጀመሪያው ደንበኛዬ እሳቸው ነበሩ። ዌብሳይቱ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሳሎኑ ተኝቷል!»

ከፈትኩት። እውነትም ተኝቷል። ሶፋው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ መስኮቱ ወለል ሆኗል። በስልካቸው ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚታየው።

«አብሽሩ ጋሼ፣ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው።

ዛሬውኑ አልሆነም። ሳሎኑን ሳቆመው ገጹ ተንቀራፈፈ። ገጹን ሳፈጥነው ፎቶ አልገባም አለ። አንዱን ስጠግን ሌላው እየፈረሰ ሁለት ሳምንት ሄደ። በመሃል ያልሞከርኩት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ከታች የማወዳድረው እነዚያን መንገዶች ነው። የምጽፈው እንደኔ ትንሽ ዌብሳይት ለሚሠራ ሰው ነው። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ወይም ሁለት ፕሮግራመር፣ ቢበዛ ጥቂት ሺህ ተጠቃሚ ላለው። ታምብኔል የምለው በዝርዝር ገጽ ላይ የምትታየዋን ትንሿን ፎቶ ነው።

ሒሳቡ ይቅደም

የተለመደ የስልክ ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ነው እንበል። ፋይሉ 4 ሜጋባይት ይመዝናል። በዝርዝር ገጹ ላይ 24 ቤት አለ። ታምብኔል ሳንሠራ ዋናዎቹን ፎቶዎች ብንደረድር ገጹ 96 ሜጋባይት ይሆናል። ብሮውዘሩ ፎቶውን በክብሪት ሳጥን ልክ ቢያሳየውም የሚያወርደው ሙሉውን ነው። ቤት ፈላጊው የቀን ጥቅሉን አንድ ገጽ ላይ ጨረሰ ማለት ነው። 400 ፒክስል ስፋት ያለው ታምብኔል ግን 30 ኪሎባይት ገደማ ቢመዝን ነው። 24ቱ አንድ ላይ 720 ኪሎባይት።

ሁለተኛውን ሒሳብ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። 4 ሜጋባይት የታመቀው ፋይል ክብደት ነው። ፎቶ ለማሳነስ መጀመሪያ መፈታት አለበት። ሲፈታ እያንዳንዱ ፒክስል ሜሞሪ ላይ 3 ወይም 4 ባይት ይይዛል። 12 ሚሊዮን ፒክስል በ4 ሲባዛ 48 ሜጋባይት ይመጣል። ሰውየው ስልኩን 50 ሜጋፒክስል ላይ አድርጎ ካነሳ ደግሞ 200 ሜጋባይት። የፒኤችፒ የሜሞሪ ገደብ፣ ካልነካችሁት፣ 128 ሜጋባይት ነው። ፋይሉ ትንሽ ሆኖ ሳለ ገጹ ነጭ ሆኖ ሲቀር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ስምንት ፎቶ ባንዴ ሲመጣማ 1 ጊጋባይት ራም ያለው ርካሽ ሰርቨር ትንፋሽ ያጥረዋል።

ስለዚህ ምርጫው በሁለት ነገር ይመዘናል። በመንገድ ላይ የሚጓዘው ክብደትና ሜሞሪ ላይ የሚፈታው ክብደት። አንዱ መንገድ የመጀመሪያውን ያቀልላል፣ ሌላው ሁለተኛውን።

ስልኩ ያሳንሰው?

ብሮውዘር ውስጥ ካንቫስ የሚባል መሣያ አለ። ጃቫስክሪፕት ፎቶውን እዚያ ላይ አሳንሶ ይስለዋል፣ ጄፔግ አድርጎ ይልከዋል። ረጅሙ ጎን 1600 ፒክስል ሲሆን 4 ሜጋባይቱ ወደ 400 ወይም 500 ኪሎባይት ይወርዳል።

ይሄ ለኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ደላላዬ ኮምቦልቻ ቤት ሊያሳዩ ሲወርዱ ሚኒባስ ውስጥ ሆነው ፎቶ መጫን ይወዳሉ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎ ላይ መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ኔትወርኩም አብሮት ይጠመዘዛል። 4 ሜጋባይት ግማሽ መንገድ ላይ ይቆረጣል። 400 ኪሎባይት ግን በአንዱ ኩርባና በሚቀጥለው መሃል ሾልኮ ያልፋል። በዚያ ላይ ስምንቱን ፎቶ ባንድ ጥያቄ ከመላክ አንድ በአንድ መላኩ በጣም ይሻላል። ሰባተኛው ላይ ቢቆረጥ ስድስቱ ገብተዋል። በፊት ባንድ ላይ ነበር የምልከው፤ ሰባተኛው ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃል፣ ስልኬም ይጮሃል።

ጉዳት የለውም ወይ? አለው። አንደኛ፣ ዋናው ፎቶ ለዘላለም ስልኩ ላይ ቀረ። ለኪራይ ቤት 1600 ፒክስል ከበቂ በላይ ነው። ሥራው የፎቶ ቤት ከሆነ ግን ጉድ ነው። የሠርግ ፎቶ በ30 በ40 ሴንቲ ሜትር ለማተም፣ ማተሚያ ቤቶች የሚፈልጉትን 300 ነጥብ በኢንች ይዘን ብናሰላ፣ 3543 በ4724 ፒክስል ያስፈልጋል። 1600 ፒክስሉን ያን ያህል ብትለጥጡት ሙሽራዋ ጉም ውስጥ የቆመች ትመስላለች። ኮምቦልቻ ላለ አንድ ፎቶ ቤት ተመሳሳይ ሥራ ስሠራ በስልክ ማሳነሱን ጭራሽ አላስገባሁትም። ቢሮ ውስጥ ሆነው በኮምፒውተር ነው የሚጭኑት፤ ቢዘገይም ችግር የለም።

ሁለተኛ፣ ደካማ ስልክ ላይ ያንቃል። አይፎን ላይም ካንቫስ ከ16.7 ሚሊዮን ፒክስል ብዙ ካለፈ ባዶ ምስል የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ማሳነሱ ካልተሳካ ዋናውን እንዳለ እንዲልክ አድርጉ።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ከስልክ የመጣን ነገር ሰርቨር ማመን የለበትም። ጃቫስክሪፕቱን ዘሎ የፈለገውን ፋይል መላክ ለሚያውቅ ሰው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ስልኩ ቢያሳንስም ሰርቨሩ እንደገና ይፈትሻል፣ እንደገና ይሠራል።

ሰርቨሩ ያሳንሰው?

እኔ እዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም። ይሄ የማይቀር ነው። ሁሉም ታምብኔል አንድ ዓይነት ጥራት ይኖረዋል፣ መጠን መቀየር ስትፈልጉ ከዋናው ፎቶ እንደገና ማውጣት ትችላላችሁ። ከላይ ያለው የሜሞሪ ጣጣ ግን እናንተ ላይ ይወድቃል። የላይብረሪ (ፎቶ የሚያሳንስ የተዘጋጀ ኮድ) ምርጫ የሚመጣውም ለዚህ ነው። ጥቂት ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የውጭ አገልግሎትስ?

ክላውዲነሪ፣ ኢምጂክስና መሰሎቻቸው ሥራውን ጠቅልለው ይወስዳሉ። ፎቶውን ትሰጧቸዋላችሁ፤ ሊንኩ ላይ የምትፈልጉትን ስፋት ስትጽፉ ተሳንሶ፣ ዞሮ፣ ለብሮውዘሩ በሚስማማው ፎርማት ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ከምሠራው በላይ ያማረ ነው። ክላውዲነሪ ነፃ ደረጃም ስላለው ለሙከራ ጥሩ ነው።

ችግሩ ሲያድግ ነው። ክፍያው በዶላር ካርድ ነው። አንድ ጓደኛዬ ውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ ተመዝግቦ ነበር። የካርዱ ጊዜ አለፈ፣ ዘመድየው በሥራ ተወጥሮ መልእክቱን አላየም፣ የሱቁ ፎቶዎች በሙሉ አንድ ጠዋት ጠፉ። ጽሑፉ አለ፣ ዋጋው አለ፣ ዕቃው አይታይም። ለጥፋቱ አገልግሎቱን አልወቅስም። ግን የዌብሳይታችሁ ዓይን በሌላ ሰው ካርድ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳለ እወቁት። ካርዱ የራሱ የሆነ ድርጅት ከሆነ የምትሠሩለት፣ ሳታቅማሙ ውሰዱት።

መሃል ያለ መንገድም አለ። ኢምጂፕሮክሲና ታምቦር ኮዳቸው ክፍት ነው፤ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ትጭኗቸዋላችሁ። እንደ ውጪዎቹ በሊንክ ይታዘዛሉ። ብዙ መጠን የሚያስፈልገው ዌብሳይት ካላችሁ ደስ ይላሉ። ለሁለት መጠን ግን እነሱን ማቆም ድንች ለመላጥ ጎራዴ እንደ መምዘዝ ነው።

የኔ ምርጫ፦ ለኪራይ ቤቱ ስልኩ ወደ 1600 ፒክስል ያወርዳል፣ ሰርቨሩ ታምብኔሉን ያወጣል። ለፎቶ ቤቱ ሰርቨሩ ብቻውን ይሠራል።

የተኛው ሳሎንና የደላላው ምስጢር

ስልክ ቁም አድርጋችሁ ፎቶ ስታነሱ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ ፒክስሎቹን አያዞርም። ሴንሰሩ እንዳየው ይጽፍና «ሲታይ 90 ዲግሪ ይዙር» የሚል ማስታወሻ ፋይሉ ውስጥ ይሸጉጣል። ማስታወሻው ኤክሲፍ ይባላል። አቅጣጫው ከ1 እስከ 8 ባለ ቁጥር ይገለጻል፤ 1 ከሆነ እንዳለ ነው፣ ቆሞ የተነሳ ብዙ ጊዜ 6 ነው። የስልኩ ጋለሪ ማስታወሻውን ያነባል። የኔ ኮድ ግን አላነበበም። ፒክስሎቹን አሳነሰ፣ ማስታወሻውን ጣለ፣ ሳሎኑ ተኛ።

መድኃኒቱ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ አዙሩ፣ ቀጥሎ አሳንሱ፣ መጨረሻ ላይ ኤክሲፉን ጣሉ። ከታች ከማወዳድራቸው ላይብረሪዎች ፒሎው ላይ ኤክሲፍ ትራንስፖዝ የሚባል ትእዛዝ አለ። ሻርፕ ላይ ሮቴትን ያለ ቁጥር መጥራት ይበቃል። ኢሜጅማጂክ ላይ ኦቶ ኦሪየንት ይባላል። ጂዲ ግን ይሄንን አያውቅም፤ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብባችሁ ራሳችሁ ታዞራላችሁ።

በስልኩ የምታሳንሱ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ከ2020 ወዲህ ያሉ ብሮውዘሮች አቅጣጫውን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ከዚያ በፊት የተጻፈ ኮድ ከኢንተርኔት ኮፒ ካደረጋችሁ ፎቶው ሁለቴ ይዞራል። እኔ ላይ ደርሷል። ሳሎኑ ተነሳ ስል በሌላኛው ጎኑ ተኛ።

አሁን ወደ ምስጢሩ። ኤክሲፍ ውስጥ ጂፒኤስም ሊኖር ይችላል። ስልኩ ቦታ መመዝገብ ከተፈቀደለት ፎቶው የት እንደተነሳ በትክክል ይጽፋል። እኔ መጀመሪያ ላይ «ትልቁን ፎቶ እይ» የሚለውን ስትነኩ ዋናውን ፋይል ነበር የማቀርበው። አንድ ቀን ደላላዬ ቢሮዬ ድረስ መጡ። አንዱ ቤት ያለ እሳቸው ተከራይቷል። ተከራዩ አከራይዋ በር ላይ በቀጥታ ሄዶ አንኳኩቷል።

«ቤቱን ማን አሳየው?» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ፎቶውን አውርጄ ኤክሲፉን ከፈትኩት። ቦታው ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ያሳየው የኔ ዌብሳይት ነው። የዚያን ቀን ኮሚሽናቸውን ካልከፈልክ ብለው እኔን መያዝ ይችሉ ነበር። ቡና ጋብዤ ተገላገልኩ።

ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይሄ መረጃ ይወልቅለታል፤ እንደ ፋይል ከተላከ አብሮ ይሄዳል። አዳዲስ አንድሮይዶችም ወደ ብሮውዘር ሲጭኑ ቦታውን የሚያጠፉበት ጊዜ አለ። እናንተ ግን በዚያ አትተማመኑ። ዋናው ፎቶ፣ ማለትም ሰርቨሩ ጋ የደረሰው፣ ማንም በሊንክ የማይደርስበት ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ። ለሕዝብ የሚወጣው ሁሉ፣ ትልቁም ጭምር፣ ከዋናው እንደገና ተሠርቶ ኤክሲፉ የተጣለለት ይሁን። ዋናው በእጃችሁ እስካለ ድረስ ሌላው ስህተት ሁሉ ይታረማል። ጥራቱ አላማረም? እንደገና አውጡት። መጠኑ ተቀየረ? እንደገና አውጡት። ዋናውን የሰረዘ ግን ደላላውን «እባክዎ እንደገና ያንሱት» ሊል ነው። እኔ አልደፍርም።

የትኛው ላይብረሪ?

ጂዲ ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ከፒኤችፒ ጋር ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ጥቅሙ ይሄው ነው። ፎቶውን ሙሉ በሙሉ ሜሞሪ ላይ ይፈታዋል፤ ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት ርዝመትና ስፋቱን አንብባችሁ የሚበዛውን መልሱት።

ኢሜጅማጂክ የማያውቀው ፎርማት የለም ማለት ይቻላል። አደጋውም እዚያው ነው። በ2016 ኢሜጅትራጂክ የተባለ ቀዳዳ ተገኘበት፤ ተንኮል ያለው የምስል ፋይል ሰርቨሩ ላይ ትእዛዝ ማስኬድ ይችል ነበር። ቀዳዳው ተደፍኗል። ግን የማትፈልጉትን ፎርማት ሁሉ በር ከፍቶ መጠበቅ ምን ይጠቅማል? ፖሊሲ የሚባል የማስተካከያ ፋይል አለው። እዚያ ላይ ከጄፔግ፣ ከፒኤንጂና ከዌብፒ በቀር ሌላውን ዝጉት።

ፓይተን የምትጽፉ ከሆነ ፒሎው ነው። ጃንጎ ላይ የምስል ፊልድ ያለ ፒሎው አይሠራም፣ ስለዚህ ሳትመርጡትም ይመጣል። ፒሎው ውስጥ ታምብኔል የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ ሪሳይዝ የሚለውን ሳይሆን። ምክንያት አለኝ። ጄፔግ ሲፈታ ገና ከጅምሩ ግማሽ፣ ሩብ ወይም ስምንተኛ አድርጎ መፍታት ይቻላል። ታምብኔል የሚለው ትእዛዝ ይሄንን ራሱ ያደርገዋል። 4000 በ3000 የነበረው በስምንተኛ ሲፈታ 500 በ375 ይሆናል። ከ12 ሚሊዮን ፒክስል ወደ 187,500። ለታምብኔል ከዚህ ወዲያ ምን ያስፈልጋል? አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። አዙሩ ያልኩት ትእዛዝ ፎቶውን ሙሉ ፈትቶ ነው የሚያዞረው። ስለዚህ ፒሎው ላይ ብቻ መጀመሪያ ድራፍት በሚባለው ትእዛዝ አሳንሳችሁ ክፈቱ፣ ቀጥሎ አዙሩ። ይሄንን ሳላውቅ ሜሞሪው ለምን እንዳልቀነሰ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አፈጠጥኩበት።

ሊብቪፕስ ከሁሉም ሜሞሪ ቆጣቢው ነው። ፎቶውን ባንዴ አይዘረግፈውም፤ እንደ ጨርቅ ጣቃ እየተረተረ ቁራጭ በቁራጭ ያሳልፈዋል። ኖድ ጄኤስ ላይ ያለው ሻርፕ በሱ ላይ የተሠራ ነው። ኖድ የምትጽፉ ከሆነ ውድድሩ እዚህ ላይ አለቀ። ለፒኤችፒና ለፓይተንም መገናኛ አለው፣ ሰርቨሩ ላይ የመጫን ፈቃድ ካላችሁ። ትንሽ ሰርቨር ላይ ብዙ ፎቶ ለሚያስተናግድ እኔ እሱን ነው የምመክረው። ለፎቶ ቤቱ ሥራ የመረጥኩትም እሱን ነው።

መቼ ይሠራ?

ሦስት ጊዜ አለ። ፎቶው ሲጫን ወዲያው፣ ከተጫነ በኋላ በወረፋ፣ ወይም መጀመሪያ የሚያየው ሰው ሲመጣ።

ወዲያው መሥራት ቀላሉ ነው። ደላላው «ገብቷል» የሚለውን ሲያዩ ታምብኔሉም አለ። ለአንድ ፎቶ የሰከንድ ክፍልፋይ ነው፤ አንድ በአንድ ከተላከ ማንም አያስተውለውም። ከዚህ ጀምሩ።

ወረፋ የሚያስፈልገው ሥራው ሲከብድ ነው። ፎቶ ቤቱ የአንድ ሠርግ 600 ፎቶ ባንዴ ያራግፋል። እዚያ ላይ ፎቶው ይገባል፣ «ይሠራ» የሚል መስመር ዳታቤዝ ላይ ይጻፋል፣ ከጀርባ ያለ ሌላ ፕሮግራም እያነሳ ይሠራል። ወረፋ የሚይዙትን ሬዲስና ሴለሪ የሚባሉ ፕሮግራሞች ሳትፈሩ መጠቀም ትችላላችሁ። እኔ ግን አንድ ሠንጠረዥና በየደቂቃው የሚነሳ ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳ የሊኑክስ ፕሮግራም) ብቻ ነው ያለኝ፤ ይበቃኛል። ታምብኔሉ እስኪደርስ ግራጫ ሳጥን ይታያል። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ተበላሸ ብለው ደውለው ነበር፣ «በመሥራት ላይ» ብዬ ስጽፍበት ዝም አሉ።

ሲታይ መሥራት ቦታ ይቆጥባል፣ ማንም ያላየው ፎቶ አይሠራም። ግን ሊንኩ ላይ ስፋት የሚጻፍ ከሆነ ክፉ ሰው 401፣ 402፣ 403 እያለ ዲስካችሁን ይሞላዋል። የተፈቀዱ መጠኖችን ብቻ ተቀበሉ፣ ወይም ሊንኩ ላይ የምስጢር ፊርማ ይኑር። ኢምጂፕሮክሲ ይሄ ፊርማ አለው።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን ፋይሉን መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ጽፋችሁ፣ ሲያልቅ ወደ ትክክለኛው ስም ቀይሩት። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ግማሹ ግራጫ የሆነ ፎቶ ዌብሳይቱ ላይ አይቀርም። ሰርቨሬ ቢሮ ጠረጴዛ ሥር በነበረበት ዘመን ይሄንን በደንብ ተምሬያለሁ።

የት ይቀመጥ?

ዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ አንድ ጥቅም አለው። ባክአፕ ስታደርጉ ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል፣ የቤቱ መረጃና ፎቶው አይለያዩም። ግን ዳታቤዙ ቶሎ ይወፍራል፣ ባክአፑ ይረዝማል፣ እያንዳንዷ ታምብኔል በኮዳችሁ በኩል ማለፍ አለባት። ለጥቂት መቶ የመታወቂያ ፎቶ ይሆናል። ለቤት ኪራይ አይሆንም።

ተራ ዲስክ ለኔ በቅቶኛል። ኢንጂንኤክስ የሚባለው ዌብ ሰርቨር ፋይሉን ራሱ ያቀርባል፣ ኮዱ አይነካውም። ዳታቤዝ ላይ የፋይሉ ስም ብቻ አለ። ባክአፕ ስታደርጉ ሁለቱንም አስታውሱ።

የአማዞን የፋይል ማከማቻ ኤስ3 እና መሰሎቹ ሰርቨራችሁ ሁለት ሲሆን ግድ ይላሉ፤ አንዱ ላይ የተጫነውን ሌላው አያየውምና። የክላውድፍሌሩ አር2 ለሚወርደው ዳታ ስለማያስከፍል ፎቶ ለሚበዛበት ጥሩ ነው። የካርዱ ጣጣ ግን እዚህም አለ።

ስለ ስም አንድ ነገር ልበል። ተጠቃሚው የሰጠውን የፋይል ስም አትጠቀሙ። የሁለት ደላላ ስልክ ተመሳሳይ ስም ያወጣል፣ አንዱ የሌላውን ይደመስሳል። የአማርኛ ስም ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሊንክ ላይ ሲጻፍ ወደ ፐርሰንት ምልክትና ቁጥር ይቀየርና አንዷ «ሳ» ብቻ 9 ቁምፊ ትሆናለች። አብዛኛው የሊኑክስ ዲስክ ደግሞ ለፋይል ስም 255 ባይት ነው የሚፈቅደው። ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። «ሰኞ ገበያ አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ ውሃና መብራት ያለው ግቢው ሰፊ» ብለው ፋይል የሚሰይሙ ሰው አሉኝ። ማን እንደሆኑ ገምቱ። በዘፈቀደ የወጣ ስም ስጡት፤ የሳቸውን ስም ዳታቤዝ ላይ እንደ መግለጫ ያዙላቸው። ፎልደሩንም በስሙ የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ከፋፍሉት፤ መቶ ሺህ ፋይል ባንድ ፎልደር ውስጥ ከፍቶ ማየት መከራ ነው።

መቁረጥ ወይስ ማስገባት?

ታምብኔሎቹ እኩል ሳጥን ውስጥ እንዲገቡ ከፈለጋችሁ ወይ ጠርዙን ትቆርጣላችሁ፣ ወይ ሙሉውን አስገብታችሁ ጎኑን ባዶ ትተዋላችሁ። የተቆረጠው ያምራል። ለቤት ፎቶ መሃሉን መቁረጥ ብዙም አይጎዳም። ለሰው ፎቶ ግን ጭንቅላት ይቆረጣል፤ ቁም ሆኖ ከተነሳ ከላይ በኩል አስጠግታችሁ ቁረጡ። ሊብቪፕስ ዓይን የሚስበውን ቦታ ፈልጎ የሚቆርጥበት ዘዴ አለው። ለሠርጉ ሞክሬው ነበር። ብዙ ጊዜ ሙሽሮቹን ያገኛል፣ አንዳንዴ ኬኩን።

ፎርማቱ

ለታምብኔል ዌብፒ፣ ለትልቁ ጄፔግ። ዌብፒ በተመሳሳይ ጥራት ከጄፔግ ይቀላል፣ ሳፋሪም ከ2020 ጀምሮ ስለሚያነበው ሰበብ የለም። ትልቁን ግን ሰዎች አውርደው ለዘመድ ይልኩታል፤ ጄፔግ የማይከፈትበት ስልክ የለም። ጥራቱን ከ75 እስከ 82 አድርጉት። ኤቪፍ ይበልጥ ያምቃል፣ ሲሠራ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ለትንሽ ሰርቨር አልመክርም። አይፎን ከ2017 ጀምሮ የሚያነሳበት ኤችኢአይሲ ሲመጣ ሰርቨሩ ላይ ወደ ጄፔግ ቀይሩ፣ ካልቻላችሁ በግልጽ አማርኛ መልሱት።

ሳይገባ የሚቀረው

«ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ይጠፋል» የሚል ቅሬታ ከመጣ ኮዱን ከማመሳችሁ በፊት ገደቦቹን እዩ። ኢንጂንኤክስ ካልነካችሁት ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም፣ 413 ብሎ ይመልሳል። ፒኤችፒ ለአንድ ፋይል 2 ሜጋባይት፣ ለጠቅላላው 8 ሜጋባይት ነው። ሁለቱንም ካላስተካከላችሁ አንዱ ይይዛችኋል።

የፋይሉን ዓይነት በስሙ መጨረሻ አትመኑ። ከፍታችሁ አረጋግጡ። ኤስቪጂ አትቀበሉ፤ ጽሑፍ ስለሆነ ውስጡ ጃቫስክሪፕት ሊደበቅ ይችላል። 20,000 በ20,000 የሆነ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ፒኤንጂ እንደ ፋይል ትንሽ ነው፤ ሲፈታ ግን 1.6 ጊጋባይት ይሆናል። ፒሎው ከ89 ሚሊዮን ፒክስል ገደማ ጀምሮ ያስጠነቅቃል፣ እጥፉን ሲያልፍ እምቢ ይላል። ሻርፕም ገደብ አለው። አታጥፉት። እኔ እንዲያውም ወደ 60 ሚሊዮን አውርጄዋለሁ።

ቤቱ ሲከራይ

መሰረዝን መጀመሪያ አላሰብኩበትም ነበር። ቤቱ ሲከራይ መስመሩን ከዳታቤዝ አጠፋለሁ፣ ፎቶው ግን ዲስክ ላይ ይቀራል። በስድስተኛው ወር ዲስኩ ሞላ። ከዚያ በተቃራኒው ሄድኩ፤ ቤቱ ሲከራይ ዋናውንም ታምብኔሉንም ወዲያው መሰረዝ ጀመርኩ። ንጹሕ ሆነ ብዬ ደስ አለኝ።

ሦስት ወር አልሞላም፣ ስልኬ ጮኸ።

«አንተ ልጅ፣ ያ ሰኞ ገበያ ያለው ቤት ተለቋል። ፎቶውን መልሰው።»

የለም አልኩ። ዝም አሉ። የተከራዮቹ ልጆች ግድግዳውን ቀለም ቀብተውታል፣ አሁን ቢነሳ እንደ ድሮው አያምርም አሉኝ። አሁን ታምብኔሉና ትልቁ ወዲያው ይጠፋሉ፣ ዋናው ግን አንድ ዓመት ይቆያል። ሲደውሉልኝ ከዋናው እንደገና አወጣዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቤት መለስኩላቸው፣ ሦስቱም ቀጥ ብለው ቆመዋል።